የጓሳ ቄሮ፤ የመንዝ ባላገር መሬትን የመረጠበትና የጠበቀበት ሥርዓት

አንድ መሬት ለምን ሥራ እንደሚሆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በላዩ ተወልዶ፥ አርሶበትና ከብቱን አሰማርቶበት፥ ሙታኑንም ቀብሮበት የኖረው ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ስድሳ ዓመታት በኢትዮጵያ ለአራዊት መጠበቂያና ለአገር ጎብኚዎች መመላለሻ የሚሆኑ ሥፍራዎች ሲከለሉ፥ ምርጫው ብዙ ጊዜ የተደረገው በካርታና በባለሙያ ዓይን ነበር፤ ባላገሩ ግን ድንበሩ ከተተከለ በኋላ እንዲሰማ ብቻ ተደረገ። ከዚህ ልማድ ውጭ የሆነ አንድ ሥፍራ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ምድር ይገኛል፤ ይኸውም ጓሳ ነው። ጓሳን የመረጠው፥ ሕግ ያወጣለትና የጠበቀው ባላገሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ለኢኮቱሪዝም፥ ማለት ተፈጥሮን ሳይጐዳ ነዋሪውንም ለሚጠቅም የአገር ጉብኝት፥ ተስማሚ የሆነው የትኛው መሬት ነው? መራጩስ ማን ሊሆን ይገባል? ለሚለው ጥያቄ የጓሳ ታሪክ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፥ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሥፍራው አቀማመጥ

መንዝ በጥንቱ ልማድ ማማ፥ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት የሚከፈል ብርድ ያለበት ደጋ ነው። ሕዝቡ ገብስ እየዘራ፥ በግ እያረባ፥ ከበጉም ጠጕር ባና እየሠራ የኖረ ነው። የሸዋ ነገሥታት ዘር የሚቈጠርለት ነጋሲ ክርስቶስ የተነሣውም ከዚሁ ምድር ነው። ጓሳ የሚባለው ሥፍራ ከመሐል ሜዳ ከተማ በስተምሥራቅ፥ ደጋው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ሲሆን ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል የቆመ ሰው ቍልቍል ወደ ስምጥ ሸለቆው ይመለከታል። ከዚህ ከፍታ ከሚመነጩት ውሃዎች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፥ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

ሥፍራው ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከሚባለው ረጅም ሣር ነው። ይህ ሣር ለመንዝ ሰው ተራ ሣር አይደለም። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛና ገበሬ በክረምት ከዝናብ የሚጠለሉበት ገሳ ይሠራበታል። ከሣሩ መካከል የሚገኘው ቍጥቋጦ ዛፍ ለጠፋበት ደጋ ማገዶ ነው፤ ድርቅ በሆነ ጊዜም ሜዳው የከብቱ የመጨረሻ መጠጊያ ይሆናል። በዚያው ሜዳ ላይ ጅብራ ቆሞ ይታያል፤ ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ በዓለም ሁሉ ለአካለ መጠን የደረሰው ቍጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም ከሣሩ ሥር የሚኖሩትን የአይጥ ዓይነቶች እያደነ ይኖራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኙም።

እንግዲህ ዛሬ ከሩቅ አገር የሚመጣው ጎብኚ ቀበሮውንና ጭላዳውን፥ ገደሉንና ጅብራውን ለማየት ይመጣል። የመንዝ ባላገር ግን ሥፍራውን የጠበቀው ስለ ቀበሮ ብሎ አልነበረም፤ ስለ ቤቱ ክዳን፥ ስለ ማገዶውና ስለ ከብቱ ነበር። ቀበሮው የኖረው ሣሩ ስለ ኖረ ነው፤ ሣሩም የኖረው ሕግ ስለ ነበረው ነው።

አቅኚ አባቶችና አጽመ ርስት

በሕዝቡ የቃል ታሪክ እንደሚነገረው የጓሳ ሥርዓት የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ መሥራቾቹም አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ናቸው። አቅኚ አባት የሚባለው አገሩን መጀመሪያ ያቀናና ለልጆቹ ርስት ያወረሰ ሰው ነው። ከእነዚህ አባቶች መወለዱን ቈጥሮ ማስረዳት የቻለ ሁሉ በጓሳ ላይ አጽመ ርስት ነበረው። አጽመ ርስት ማለት፥ ቃሉ ራሱ እንደሚያመለክተው፥ በአባቶች አጥንት የሚጠየቅ መብት ነው።

ጓሳ ግን እንደ እርሻ መሬት በጥማድ ተከፋፍሎ ለየሰዉ የሚታደል አልነበረም። የአስቦና የጌራ ወገኖች በየፊናቸው ድርሻቸውን አውቀው፥ በየደብሩም ተቧድነው በጋራ ይጠቀሙበት ነበር። ከዚህ እንደሚታየው አባቶች ከሁሉ አስቀድመው ሁለት ነገር መርጠዋል፤ አንደኛው የትኛው መሬት ሳይታረስ እንዲቀር፥ ሁለተኛውም በዚያ ሳይታረስ በቀረው መሬት ላይ ባለ መብት ማን እንደሆነ ነው። መሬት ሲመረጥ የመብቱ ባለቤት አብሮ ካልታወቀ ምርጫው ለጠብ በር ይከፍታል፤ በጓሳ ግን ሁለቱ በአንድነት የተወሰኑ ነበሩ።

የቄሮ ሕግ

ጓሳ የሚተዳደርበት ሕግ ቄሮ ይባላል። አስፈጻሚዎቹ አባ ቄራ የሚባሉ አለቆች ሲሆኑ፥ አንደኛው ለአስቦ፥ ሁለተኛው ለጌራ ወገን ይሾማሉ። ሹመቱ ከቤተ መንግሥት የሚሰጥ አልነበረም፤ ተጠቃሚው ሕዝብ ራሱ ተሰብስቦ ይመርጣቸው ነበር።

የሕጉ ዋና ነገር መዝጋትና መክፈት ነው። ሥፍራው አንድ ጊዜ ከተዘጋ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ማንም ሣር ሊያጭድበት፥ ማገዶ ሊለቅምበት፥ ከብትም ሊያሰማራበት አይችልም ነበር። የሚዘጋበት ዘመን ርዝመት አስቀድሞ በቍጥር የተወሰነ አልነበረም፤ የሣሩ እድገት እየታየ፥ የሕዝቡም ችግር እየተመዘነ ይወሰን ነበር። ሣሩ ደርሷል ተብሎ ሲታመን አባ ቄራዎቹ ጓሳ የሚከፈትበትን ቀን በቤተ ክርስቲያን፥ በገበያና በለቅሶ ቦታ ያስነግራሉ። ሦስቱም ሥፍራዎች ባለ ጸጋና ድኻ ሳይለይ ሰው ሁሉ የሚገናኝባቸው ናቸውና አልሰማሁም ብሎ የሚያመካኝ አልነበረም።

ሥፍራው የሚከፈተው በበጋ፥ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ወር ገደማ ነበር። ተራውም የታወቀ ነው። አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከአጨዳው በኋላ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲይዝ ከብቱ ወጥቶ ሥፍራው እንደገና ይዘጋል። የሚዘጋውም ጾመ ሐዋርያት በሚፈታበት ቀን፥ ማለት ሐምሌ 5 ቀን ነው። ሕጉን ከበዓል ጋር ማያያዙ ብልኃት ነበረው፤ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ቀኑን ሊስት አይችልምና። ሕዝቡም በተጠራ ጊዜ ወጥቶ ሥፍራውን የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት፤ ሕጉን የጣሰም ብርቱ ቅጣት ይደርስበት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የመንዝ ባላገር ጓሳን የመረጠው በ17ኛው መቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ቄሮው በተዘጋና በተከፈተ ቍጥር፥ በየሦስቱ ወይም በየአምስቱ ዓመት፥ ሕዝቡ ሥፍራውን እንደ አዲስ ይመርጠው ነበር። ሣሩን አይቶ፥ ዝናሙን ገምቶ፥ ችግሩን ከችግረኛው አፍ ሰምቶ ይወስናል። በወረቀት ላይ አንድ ጊዜ የተሠመረ ድንበር እንዲህ ያለ ምክር አያውቅም።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በጻፉት ስመ ጥር ጽሑፍ፥ ለሁሉ ክፍት የሆነ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብለው ተከራክረው ነበር። በኋላ ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሕግ አውጥተው፥ ጠባቂ መርጠው፥ አጥፊ ቀጥተው በሚያስተዳድሩት ዘንድ የጋራ ሀብት ለብዙ ዘመን ሊጠበቅ እንደሚችል ከልዩ ልዩ አገሮች ማስረጃ አቀረቡ፤ በ2009ም በኢኮኖሚ ጥናት የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ሊቃውንቱ የተከራከሩበትን ነገር የመንዝ ገበሬ ከሦስት መቶ ዓመት አስቀድሞ በሥራ ያውቀው ነበር።

የ1967 ዓ.ም. ለውጥ

ይሁን እንጂ የቀድሞው ሥርዓት ነቀፋ የሌለበት ነበር ብሎ መጻፍ ታሪክን ማሳመር ይሆናል። አጽመ ርስት ባለ መብቱን ሲያቅፍ ሌላውን ይገፋል። ከአስቦና ከጌራ መወለዱን ማስረዳት ያልቻለ ጎረቤት፥ በዚያው ብርድ እየኖረ፥ በዚያው ደብር እያስቀደሰ፥ ጓሳ በተከፈተ ቀን ግን ማጭዱን ይዞ ሊወጣ አይችልም ነበር። የጥበቃው ብርታት ከዚህ መለየት ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ የታወቁ ስለ ነበሩ ጠባቂዎቹም የታወቁ ነበሩና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በአዋጅ ሲነገር አጽመ ርስት ቀረ፤ ቄሮና አባ ቄራም ሥልጣናቸውን አጡ። አዋጁ ትናንት መብት ላልነበረው ሰው መብት ሰጠ፤ ይህም ፍትሕ ነበር። ግን መብቱ ለሁሉ ሲዳረስ ግዴታው አብሮ አልተዳረሰም። መዝጊያና መክፈቻውን የሚወስን አለቃ ስለ ጠፋ በሣሩና በማገዶው ላይ የሚወርደው እጅ በዛ። የድሮው ሕግ ፈርሶ አዲሱ ገና ባልጸናበት በዚያ ጊዜ ጓሳ ባለቤት እንደሌለው ሜዳ ሆነ።

ነገር ግን ሕዝቡ ዝም ብሎ አልተመለከተም። የአዋሳኝ ገበሬ ማኅበሮች ከየራሳቸው ሰው እየመረጡ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው የቄሮን ስም ባይዝም የቄሮን ሥራ ያዘ፤ ዘመኑን እየለየ መዝጋትና መክፈት፥ ጥበቃ ማሰማራት፥ አጥፊን ማስቀጣት ተግባሩ ሆነ። ልዩነቱ መብት የሚጠየቀው በአባቶች አጥንት መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነት መሆኑ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ጥበብና የአዲሱ ዘመን እኩልነት በአንድ ሸንጎ ላይ ተገናኙ ማለት ይቻላል። ይህን ሥርዓትና ከቀይ ቀበሮ ኑሮ ጋር ያለውን ግንኙነት ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ በሰፊው አጥንተው ለዓለም ሊቃውንት አስታውቀዋል።

እንግዶች በጓሳ

በ1990ዎቹ ዓመታት የፍራንክፈርት የአራዊት ማኅበርና ሌሎች ረዳቶች ከኅብረተሰቡ ጋር በጥበቃው ሥራ መተባበር ጀመሩ። የጭላዳን ጠባይ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2005 ጀምሮ በሥፍራው ሠፈሩ። ከዚያም ለጎብኚዎች ማደሪያ የሚሆን አነስተኛ የኅብረተሰብ ቤትና ድንኳን መትከያ ሥፍራዎች ተዘጋጁ፤ ዘበኞቹና መንገድ መሪዎቹ ከአካባቢው ሰው ተመረጡ፤ ፈረስና በቅሎ የሚያከራይ ገበሬም ገቢ አገኘ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አጸደቀው።

የነገሩ ቅደም ተከተል እንዲህ መሆኑ ትልቅ ትርጕም አለው። መጀመሪያ ሕዝቡ መሬቱን መረጠ፤ ቀጥሎ ሕግ ሠራ፤ ከዚያ አራዊቱ በሕጉ ጥላ ሥር ኖሩ፤ እንግዳ የመጣው በመጨረሻ ነው። ማደሪያው ሲሠራ ከቀየው የተነቀለ መንደር፥ በእንግዳ ምክንያት የተከለከለ ግጦሽ አልነበረም፤ የተዘጋው ቀድሞም የሚዘጋው፥ የተከፈተውም ቀድሞ የሚከፈተው ነው።

ካርታ የቀደመባቸው ሥፍራዎች

የጓሳን ታሪክ ከሌሎች ጋር ማስተያየት ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የዩኔስኮ ልዑካን ኢትዮጵያን ጎብኝተው ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ መከሩ። ከዚያም አዋሽና ሰሜን በተከታታይ ፓርክ ሆኑ፤ ሁለቱም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። ሐሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ዋልያን ለማዳን የተደረገው ጥረት ለአገር የሚያኰራ ነው። የሰሜን ተራሮችም በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነዋል።

ግን በአዋሽ ሜዳ ከረዩና አፋር ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበትና በድርቅ የሚሸሹበት ግጦሽ በፓርኩ ድንበር ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ በጠባቂና በአርብቶ አደር መካከል የነበረው ክርክር ረጅም ነው። በሰሜንም በደርግ ዘመን ከፓርኩ ውስጥ መንደሮች በግድ ተነሥተዋል። ሥፍራው በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ከመዝገቡ ወጣ። ገብሱን በዚያ ከፍታ ሲዘራ ለኖረ ገበሬ ይህ ዜና በሁለት ስሜት የሚሰማ ነው፤ ተራራው ተከበረ፥ እርሱ ግን ከተራራው ወረደ። በሁለቱም ሥፍራ ስሕተቱ መሬቱን አለማወቅ አልነበረም፤ መሬቱ የማን ኑሮ እንደሆነ አስቀድሞ አለመጠየቅ ነው።

የተለየ መንገድ የተሞከረበትም አገር አለ። በሰሜን ወሎ በመቄት በ1990ዎቹ አጋማሽ ተስፋ በሚል ስም የተጀመረው የኅብረተሰብ ቱሪዝም ጎጆዎቹን በአካባቢው የቤት አሠራር በደጋው አፋፍ ላይ አቆመ፤ መቋት ማርያም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እንግዳው በጥቂት በጥቂቱ ሆኖ በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ ጓዙ በአህያ ይጫናል፤ መስተንግዶውንም ገቢውንም የሚመራው የመንደሩ ማኅበር ነው። ገደሉ ለእርሻ የማይሆን ጠርዝ ነው፤ ለእንግዳ ዓይን ግን ከሁሉ የተሻለ ሥፍራ ሆነ። ለባላገሩ የማይጠቅመውና እንግዳውን የሚያስደስተው እንዲህ በአንድ ላይ የሚገኙበትን ነጥብ ለማወቅ የነዋሪውን አፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከጓሳ የሚገኘው ትምህርት

ከዚህ ሁሉ በመነሣት፥ ለእንግዳ የሚሆን መሬት ሊመረጥ ሲታሰብ ለባላገሩ መቅረብ የሚገባቸውን ጥያቄዎች ማውጣት ይቻላል። መሬቱ በበጋ የማን ነው፤ በክረምትስ? በድርቅ ዘመን ከብቱ ወዴት ይሸሻል? ምንጩ፥ የመቃብሩ ሥፍራና የእግር መንገዱ በየት በኩል ነው? መሬቱ ቢከለል የሚያጣው ማን ነው፥ የሚያገኘውስ? ጠባቂውን ማን ይመርጠዋል፥ ማንስ ይሽረዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ለሽማግሌዎች ብቻ የሚቀርቡ መሆን የለባቸውም። ውሃ የምትቀዳውና ማገዶ የምትለቅመው ሴት፥ ሜዳውን በየቀኑ የሚያየው እረኛ፥ መሬት የሌለው ጐልማሳ ሁሉ ሊጠየቁ ይገባል፤ በሸንጎ የሚናገር ሁልጊዜ የሚጐዳው ሰው አይደለምና። የአጽመ ርስት ዘመን ጉድለት ያስተማረውም ይህንኑ ነው።

ሌላም ብርቱ ምክንያት አለ። የእንግዳ ገቢ የማይታመን ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፥ በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ፥ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል ውጊያ ሲቀሰቀስ የጎብኚዎች መንገድ በየጊዜው ተቋረጠ። ለእንግዳ ብቻ ተብሎ የተከለለ መሬት እንግዳ ባልመጣ ጊዜ ጠባቂውን የሚያኖርበት ምክንያት ያጣል። ሕዝቡ ለራሱ ኑሮ ብሎ የመረጠው መሬት ግን እንግዳ ቢቀርም ክዳኑንና ማገዶውን፥ የክፉ ቀን ግጦሹንም አይነፍገውም፤ ስለዚህ የሚጠብቀው አያጣም።

እንግዲህ ለኢኮቱሪዝም ተስማሚ የሆነ መሬት ማለት ዕይታው ያማረ ወይም አራዊቱ የበዙበት ብቻ አይደለም። እንግዳ ባይመጣ እንኳ ነዋሪው ሊጠብቀው የሚፈቅድ መሬት ነው። ይህንንም ከነዋሪው በቀር ሌላ ሰው ሊመሰክር አይችልም። የመንዝ አባቶች ሐምሌ 5 ቀን ከብቶቻቸውን ከጓሳ ሲያስወጡ ስለ ጎብኚ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ዛሬ ጎብኚው የሚያየውን ሁሉ ያቆዩለት እነርሱ ናቸው።